ምክንያት ያልተገኘለት ውሻ

አጋፋሪ ማክሰኞ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልጋ ሥር ገባ። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ «ምክንያት አልተገኘም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

እኔ በማሰሪያ አላምንም። ሕንፃው ሁሉ ያምናል፤ ያመነ ይመን። ግን ይህን ቃል በቤቴ ሰምቼው ስለማላውቅ፣ እውነቱን ልናገርና ደነገጥኩ። ምክንያት የጠፋለት ውሻ ይወሰዳል።

ለማያውቅ ላስረዳ። የምንኖረው ኮዬ ነው፣ ከሠላሳኛው ፎቅ በላይ። እዚህ ውሃ በተራ ነው፣ ሊፍት በተራ ነው፣ ፀሐይ ራሷ በተራ ነች፤ ልብስ የምናሰጣው የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጥላ እስኪያልፍልን ጠብቀን ነው። ድሮ ውሻ ግቢ ይጠብቅ ነበር ይባላል። አሁን ግቢ የሚባል ነገር ስለሌለ ከእኛው ጋር ሶፋ ላይ ይውላል። እያንዳንዱ ውሻ ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው የውሻውን የሆዱን በሰው ቋንቋ ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ጣራ ላይ ለሽርሽር ስናወጣቸው የሚሰማው ጉድ ነው፦ «ርቦታል»፣ «ሊፍቱን ፈርቷል»፣ «ቡናማዋን ወዷታል»። አንድ ቀን የአንዱ ጎረቤታችን ውሻ ሰው በተሰበሰበበት «በባለቤቱ አፍሯል» ብሎ፣ ሰውዬው ለብዙ ጊዜ ጣራ ላይ አልታየም።

ምክንያት ያለው ውሻ ቢነክስ እንኳ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። ምክንያት የሌለው ግን ሳይነክስም ይሄዳል። ደንቡ የወጣው አንድ ሕፃን ደረጃ ላይ ከተነከሰ በኋላ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ «ምክንያት አልተገኘም» ካለ የጠባይ ቢሮ ተቆጣጣሪ ይልካል። ተቆጣጣሪውም ምክንያቱን ካጣው ውሻው በዚያው ቀን ይወጣል። የት እንደሚሄድ አይነገርም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

አጋፋሪ ደግሞ የእኔ አይደለም። የልጄ የናሁሰናይ ነው። ናሁሰናይ ለሥራ ወደ ዳሎል ሲወርድ «እማዬ፣ አደራሽን» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ እንግዳ ሲመጣ ከበር ተቀብሎ፣ እየመራ፣ ወንበር ድረስ አድርሶ የሚመለስ ውሻ ስለነበር። ሌላ የማውቀው ሙያ የለውም። ሌባ ቢመጣም ወንበር ድረስ የሚያደርስ ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን ዓይኔን ተሠርቼ ነበር። ሞራ ነበረብኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ማልቀስ የለም» አለኝ። «ደግሞ ምን ያስለቅሰኛል?» ብዬ ስቄበታለሁ። እናም አጋፋሪ አልጋ ሥር ሲገባ ጎንበስ ብዬ ላየው አልቻልኩም። አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ከሥሬ ላለው ውሻ እናገራለሁ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ምን አየህ?»

«ምክንያት አልተገኘም።»

«አንተን አይደለም ያናገርኩት» አልኩት ማሰሪያውን።

በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ቢኖር የናሁሰናይ ስልክ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ይደውላል፤ ድምፁ ከሳሎኑ ግድግዳ ይመጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው መሰለኝ ሳይደውል ቀርቶ፣ ማክሰኞ ሲደውል እፎይ ብዬ ነበር። ድሮ ድምፁ ሲመጣ አጋፋሪ ያብዳል። ግድግዳው ላይ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ያላዝናል፤ ናሁሰናይ «አጋፋሪ! በሩን ክፈት!» ይለዋል፤ ውሻው እየሮጠ ሄዶ በሩን ይቧጥጥና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚመጣ ሰው የለም። በማግስቱም ያው ነው። ሞኝነታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ግን ድምፁ ሲመጣ የማጅራቱ ጠጉር ቆመ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄደ መኝታ ቤት ገባ። ያለፈበት ቦታ ሁሉ ርሷል፤ ሸንቶበታል።

ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ጣራ ላይ ወጥቼ ነገሩን ባወራ መድኃኒተኛው በዛ። አንዱ «ዓይን ገብቶበታል» አለኝ። አንዷ «አርጅቷል» አለችኝ፤ የእሷ ውሻ በዕድሜ አያቱ ይሆናል። አንዱ ደግሞ «የመሬት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ነው፣ ውሻ ቀድሞ ያውቃል» ብሎ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሊወርድ ሲል የሊፍት ተራው አልደረሰም ነበር።

ዘርትሁን ብቻ ምንም አላለችኝም። ፊት ለፊቴ ያለው በር የዘርትሁን ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ በወሬ ትበልጠኛለች። ዝም ስትል ገረመኝ። «ምነው፣ አንቺ የምትይው አጣሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ እትዬ አስካለ» አለችና ክንዴን ይዛ ወደ ጥላው ወሰደችኝ። «ፀሐዩ ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም።»

በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ለዓይኔ ሐኪም ሆኖ ነበር። ዘርትሁን ሽንኩርት እንዳልከትፍ ብላ የቤቴን ሽንኩርት በሙሉ ወደ ቤቷ ወስዳዋለች። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ቢልልኝ ውሃዬን ራሱ ተሸክሞ ያመጣል፤ በዚያ ወገቡ። በእኛ ፎቅ ሙዚቃ የሚከፍት ጠፋ። ሁለቱ፣ ቢልልኝና ዘርትሁን፣ ለሠርግ ናዝሬት ወርደው ሰኞ ነው የተመለሱት፤ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ ነበር። ስለ ሙሽራዋ ብጠይቃቸው «ደህና ናት» አሉኝ። ከሠርግ መጥቶ ሙሽራ የማያማ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ስለ እድሩ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ማቆያ የሚባል አገልግሎት አለን። መርዶ እንደ ድሮው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ያ አልተለወጠም። የተለወጠው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ድሮ ሰው እስኪነገረው ድረስ «ኔትወርክ የለም»፣ «ሥራ በዝቶበት ነው» እየተባለ ነበር የሚቆየው። አሁን በማሽን የተሠራ የሟቹ ድምፅ ራሱ ይደውላል። የዘርትሁን ልጅ አራስ ሳለች ባሏ መንገድ ላይ ሞቶ፣ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ድረስ በየምሽቱ ደውሎ ሕፃኑን ሲጠይቅ ነበር። ምንም አልጠረጠረችም፣ ወተቷም አልደረቀም። ደንቡ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ዛሬ ቢደገም ዛሬም አወጣለሁ።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ናሁሰናይ ነጭናጫ ነው፤ ከእኔ ነው የወረሰው። ሲደውል ስለ ሙቀቱ ያማርራል፣ ስለ አለቃው ያማርራል፣ ከሁሉ በላይ ስለ ምሳው ያማርራል። እኔ ስለ ሊፍቱ አማርራለሁ። ሁለታችንም ሲወጣልን ደስ ብሎን እንዘጋለን። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ጨዋ ሆነብኝ። «ዓይንሽ እንዴት ዋለ እማዬ? አላለቀስሽም አይደል?» ይለኛል። ልጄ ሰው ሆነ አልኩ። ሰው የሆነው ያለጊዜው ነው እንጂ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ነበር የጠበቅኩት።

ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ መጣች።

ሶሊያና እባላለሁ አለች። ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እማማ እያለች ነው የምታናግረኝ። እንደ ጠላት ልቀበላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አጋፋሪ ግን እየመራ ወንበር ድረስ አደረሳትና እግሯ ሥር ተጋደመ። ማሰሪያው «እንግዳ ተቀብሏል» አለ።

«እይው እንግዲህ» አልኳት። «ይኼ ነው ምክንያት የሌለው?»

ጥርሱን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች። ዘርትሁን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ማን እንደጠራት አላውቅም።

«በሁሉ ነገር ደህና ነው» አለች ሶሊያና። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምን አለ እማማ?»

«ልጄ ይደውላል።»

«ውሻው ከልጅዎ ጋር ይዋደዳሉ?»

«ጌታው እኮ ነው!»

አሰብ አደረገች። «የልጅዎ የቆየ ድምፅ ይኖርዎታል? ከስልኩ በፊት እሱን ላሰማው።»

«እሱን ምን ያደርጋል?» አለች ዘርትሁን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። «እትዬን አታድክሚያት እንጂ። ዓይኗ አልዳነም።»

«በጆሮዬ ነው የምሰማው» አልኳት። «ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። ወጥታ ሄደች፤ ወደ ጋሽ ቢልልኝ ቤት የሚሮጠው የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል።

አንድ የድሮ መልእክት አለኝ፤ ናሁሰናይ ወደ ዳሎል ሳይወርድ ከታች ቆሞ የላከልኝ። ከፈትኩት። «እማዬ፣ ዛሬም ቆሟል። ይኼ ሊፍት ነው ወይስ መንግሥተ ሰማያት፣ የሚገባበት የለም! በእግሬ እየወጣሁ ነው፣ ከሞትኩ ሊፍቱን ክሰሽልኝ። አጋፋሪ! በሩን ክፈት፣ መጣሁ!»

አጋፋሪ ከተጋደመበት ተስፈነጠረ። ጥፍሩ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ በሩ ላይ ደረሰ፣ ቧጠጠ፣ ቁጭ አለ። ጅራቱ ወለሉን ይጠርጋል። ማሰሪያው ሳያመነታ «ጌታውን ይጠብቃል» አለ።

ሳቅኩ። ሶሊያናም ሳቀች። «በቃ፣ ምንም የለበትም» ልትል ነው ብዬ አፍ አፏን አያለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና ግድግዳው ጠራ።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ዓይንሽስ?»

ውሻው ወደ ግድግዳው ዞረ። ጠጉሩ ቆመ። በሩን ትቶ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ ሆዱን ወለል እያስነካ መኝታ ቤት ገባ። ማሰሪያው ከአልጋው ሥር «ምክንያት አልተገኘም» አለ። ማሰሪያው ሁለቱን ድምፅ አንድ ነው ብሎ ሰምቷቸዋል። እኔም እንደዚያው።

ሶሊያና ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። እኔን አየችኝ፣ ግድግዳውን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ልጅዎን በዓይንዎ ያዩት መቼ ነው?» አለችኝ።

«ልጅት!» የሚል ቁጣ ከበሩ መጣ። ጋሽ ቢልልኝ ነው፤ ዘርትሁን ከኋላው አለች። ተቆጣጣሪዋን በክንዷ ይዞ ወደ ደረጃው አወጣትና በሩን ገርበብ አደረገው። የሚሉት አይሰማኝም። እኔ ለግድግዳው «ናሁዬ፣ ቆይ አትዝጋ፣ ሰው አለብኝ» አልኩት። «እሺ እማዬ፣ እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

ተመልሰው ሲገቡ ጋሽ ቢልልኝ ዓይኔን አላየኝም። «አስካለ እህቴ፣ ውሻው ይሂድ» አለ።

«ምክንያቱን አጣችው?»

«አጣችው።»

ሶሊያና ወለሉን ታያለች።

«ሌላ እናመጣልሻለን» አለ። «ቡችላ። እድሩ ይችለዋል።»

ቢልልኝን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። በአንዲት የምታንጠባጥብ ቧንቧ ከውሃ ቢሮው ጋር ዓመት የተካሰሰ ሰው ነው። ደንብ ካልጠቀመው ደንቡን ያነበበው ሰው ዓይን የለውም ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። ለእኔ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እሱ አንድ ውሻ፣ ያውም የናሁሰናይን ውሻ፣ ያለ አንዲት ክርክር አሳልፎ ሲሰጥ አየሁ። የጠቆረ ፊቱን አየሁ። ናዝሬት እንዲህ አያጠቁርም። ያች ያልታማች ሙሽራ ትዝ አለችኝ። ሽንኩርቴ ትዝ አለኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ናሁዬ፣ አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«ምሳህ እንዴት ነበር ዛሬ?»

«ጥሩ ነበር እማዬ። በጣም ጥሩ ነበር። አንቺ ብቻ ዓይንሽን ጠብቂ።»

ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ምሳው ጥሩ ነበር ብሎ አያውቅም። እኔ የሠራሁትንም ቢሆን።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። «ደህና ያምሹ።»

አንቱ ማለቴን ሲሰሙ ዘርትሁን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግድግዳው «ደህና አምሺ እማዬ» ብሎ ዘጋ። መኝታ ቤት ገብቼ የአልጋውን ጫፍ ይዤ ቆምኩ፤ ሁሉም ተከትለውኝ ገቡ። እንዴት እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም፤ የወለደች ታውቀዋለች።

ጋሽ ቢልልኝ ቀረበኝ። «አስኩዬ፣ በእናትሽ። በዚህ ሰዓት አይሆንም። ወጉ አይደለም። ዓይንሽም እስኪድን ነው እንጂ እኛ…»

«እናንተ ምንም አልነገራችሁኝም» አልኩት። «ወጋችሁን አላፈረሳችሁም።» ከዚያ ወደ ሶሊያና ዞርኩ። «ልጄ፣ ምክንያቱን ባለቤት ቢናገር ይመዘገባል?»

«ይመዘገባል እማማ» አለችኝ። «ለማሰሪያው በቃል መንገር ነው። ግን እርስዎ ካልፈለጉ… እኔ ልጽፈው አልችልም። ባዕድ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ደግ አደረግሽ።»

ዝም ብል ማንም አያስገድደኝም ነበር። ውሻው ይሄዳል፣ ነገም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይደወላል፣ ዓይኔ ይድናል፣ ልጄ ለጥቂት ጊዜ ምሳው ይጥመዋል። ይኼን አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። ግን ናሁሰናይ በዚህ ዓለም ላይ አደራ ብሎ የሰጠኝ ይኼን አንድ ውሻ ነው። ድምፁንም ለይቶ ያወቀው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ እናቱ አልለየሁትም።

ተንበረከክኩ። ዘርትሁን «ዓይንሽ!» ብላ ጮኸች። ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ አልጋው ሥር አየሁ። አጋፋሪ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። እጄን ሰደድኩለት፤ አፍንጫው ቀዝቃዛ ነው።

«ምክንያቱ ይኼ ነው» አልኩት ማሰሪያውን። «ድምፁ የጌታው አይደለም። ጌታው የለም። ልጄ ናሁሰናይ ሞቷል።»

ማሰሪያውም «ምክንያት ተመዝግቧል» አለ።

ከኋላዬ ዘርትሁን «ወይኔ! ናሁዬን!» ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። ከሰኞ ጀምራ ይዛው ኖራለች። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ሌላውም በር ተከፈተ፣ ፎቁ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። እኔ ገና ከወለሉ አልተነሳሁም። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ትዝ ይለኛል፤ ትዝ እያለኝ አለቀስኩ።

አጋፋሪ ከአልጋ ሥር ወጣ። ፊቴን አንዴ ላሰኝና ወደ በሩ ሄደ። ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ከበር እየተቀበለ ወንበር ድረስ ሲያደርስ አመሸ።

በኋላ ቢልልኝ ሁሉንም ነገረኝ። በሙቀቱ ነው፣ በእንቅልፉ፣ ሳይሰቃይ። ሠርግ ነው ባሉኝ ቀን እሱና ዘርትሁን ዳሎል ወርደው ቀብረውታል። ማቆያውን አልነቀፍኩም። ድምፁን ስለ ምሳ ማማረር ሊያስተምሩት ይገባ ነበር ብቻ አልኩ፤ ቢልልኝ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ዓይኔ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ሐኪሙ «ምን ነበር ያልኩዎት?» ብሎ ተቆጥቶኛል።

ግድግዳው አሁን አይጠራም። አጋፋሪ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሄዶ በሩን ይቧጥጥና ቁጭ ይላል፤ ማሰሪያውም «ጌታውን ይጠብቃል» ይላል። ሶሊያና ለምርመራ ስትመጣ ሰማችውና ተሳቀቀች። «እማማ፣ ይኼ ከመዝገቡ ጋር አይሄድም፤ ጌታው እንደሌለ ተመዝግቧል። ላስተካክለው?» አለችኝ።

«ምክንያት አለው አይደል?» አልኳት።

«አለው።»

«እንግዲያው አትንኪው።»